ከካሊፐሩ በፊት ዘይቱ፦ ለከተማም ለውድድር ሜዳም የሚሆን ፍሬን አመራረጥ

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ውስጥ፣ ገብቶ ቀይ የተቀባ ባለ አራት ፒስተን ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ያየ ሰው ዓይኑን ከዚያ መንቀል ይከብደዋል። ገንዘቡ ግን መጀመሪያ መዋል ያለበት እዚያ ላይ አይደለም። በሥራ ቀን ከካዛንቺስ ሜክሲኮ በመጨናነቅ ለሚንፏቀቅ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ በተዘጋ ሜዳ በሙሉ ኃይሉ ለሚነዳ መኪና ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የፍሬን ዘይት፣ ሸራ፣ ጎማ፣ ቱቦ፣ ዲስክ፤ ካሊፐር መጨረሻ።

ምን እንደሚገዛ የሚነግራችሁ ፔዳሉ ነው። ፍሬን ተደጋግሞ ከተያዘ በኋላ ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለሉ ከወረደ ዘይቱ ፈልቷል፤ ውስጡ የተፈጠረው እንፋሎት ስለሚጨመቅ የእግራችሁ ጉልበት ሸራው ጋ አይደርስም። ፔዳሉ ጠንካራ እንደሆነ መኪናው አልቆም ካለ ሸራው ከሚችለው በላይ ሞቋል። ፍሬኑ ገና ሳይሞቅ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ አንዴ ጠንክሮ ሲረገጥ ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) ወዲያው ከሠራ ግን ደካማው ጎማው ነው። ያንን መኪና የትኛውም ካሊፐር ባጭሩ አያቆመውም።

የቀረው ሁሉ የሙቀት ሒሳብ ነው። 1,300 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲቆም 500 ኪሎ ጁል ገደማ፣ ከ160 ሲቆም ደግሞ 1,280 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይፈጠራል። ከእንጦጦ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወረድ ከፍታው 500 ሜትር ገደማ ይቀንሳል፤ ይህን በፍሬን ብቻ የያዘ ሰው ከ6,000 ኪሎ ጁል በላይ ዲስኩ ላይ ያራግፋል፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ተከታትሎ እንደመቆም ነው። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ መውረድ ነፃ ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታም ጣጣ አለው። 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ እንደሚፈላ ሁሉ የፍሬን ዘይትም ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ዝቅ ብሎ ይፈላል። የሳሳ አየር ዲስክ የሚያቀዘቅዘውም በዝግታ ነው። የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየርና በሞተሩ መሳብ መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ስለሆነ እዚህ እገዛው ይቀንሳል። ስለዚህ «ፔዳሉ ከበደኝ» ብላችሁ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን አምስት ጊዜ ርገጡ፤ እንደረገጣችሁ አስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካላለ ሰርቮው፣ ቱቦው ወይም ቫልቩ ያፈሳል፤ መጠገን ያለበት እሱ ነው።

ወደ ዘይቱ እንምጣ። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው «ዶት» የዘይቱ ደረጃ ነው። ዶት 4 አዲስ ሲሆን ሳይፈላ ቢያንስ 230 ዲግሪ፣ እርጥበት ሲጠጣ 155 ይችላል። ዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180 ነው። ለውድድር የሚሠሩት አዲስ ሲሆኑ ከ300 ያልፋሉ። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣልና በክረምት ተከፍቶ የሰነበተ ጠርሙስ በርካሽ ሲቀርብላችሁ እለፉት። ስሙ የሚመሳሰለው ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። ሙሉ ቅያሪ 1 ሊትር ይበቃዋል፤ እንዲህ ለሚነዳ መኪና በየዓመቱ ይቀየር።

ሸራ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «የውድድር» የተባለውን ገዝቶ ከተማ ውስጥ በመንዳት ነው። እንዲህ ያለው ሸራ ሳይሞቅ በደንብ አይዝም፤ ጠዋት ፒያሳ ላይ እግረኛ ድንገት ሲገባባችሁ የምትፈልጉት ደግሞ ያንኑ የመጀመሪያ አያያዝ ነው። ይጮኻል፣ ዲስክም ይበላል። ለሁለቱም የሚሆነው መካከለኛው፣ ለፈጣን መንገድ ተብሎ የሚሠራው ነው። ለሜዳ ብቻ ሌላ ሸራ ካላችሁ እዚያው ደርሳችሁ ቀይሩ። ብዙ ሸራዎች ጠርዛቸው ላይ ሁለት ፊደል አለ፦ የመጀመሪያው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን የመያዝ አቅም ይናገራል። በሰበቃ ልኬት ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ እስከ 0.45፣ ጂ እስከ 0.55 ነው። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ካነሰ ሸራው ሲሞቅ ይደክማል ማለት ነው፤ ይቅርባችሁ። ውፍረቱም ሙቀት ይከላከላል፦ ለከተማ እስከ 3 ሚሊሜትር ቢኬድበትም ግማሹ ያለቀ ሸራ ወደ ሜዳ አይሄድም።

አዲስ ሸራ ይሟሻል። አምራቹ ሌላ ካላለ ከ80 ወደ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስምንት ወይም አሥር ጊዜ በመጠኑ ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፤ ከዚያ ያለ ፍሬን አሥር ደቂቃ ነድቶ ማቀዝቀዝ። ፍሬኑ ግሎ ሳለ ፔዳል ረግጦ መቆም ሸራውን ዲስኩ ላይ ያትመዋል፤ በኋላ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ሁሉም «ዲስኩ ተጣሟል» ይለዋል። ይህ ሥራ በተዘጋ ቦታ ነው። እሁድ ማለዳ መንገዱ ባዶ ነው አትበሉ፤ መስቀል አደባባይ ዙሪያ ሯጩ ከእናንተ ቀድሞ ወጥቷል።

የብረት ሽሩባ የለበሰ ቱቦ ፔዳሉን ያጠነክራል እንጂ ፍሬኑን አያበረታም። ሲገጠም መሪውን ጥግ ድረስ በሁለቱም በኩል አዙራችሁ እንዳይወጠርና ጎማ እንዳይነካ እዩ። የመዳብ ሮንዴላው አዲስ ይሁን።

ዲስክ ላይ ውስጡ አየር የሚያሳልፍ፣ ፊቱ ለስላሳ ወይም ቦይ ያለው ይመረጥ። የተበሳሳው ያምራል፤ ሜዳ ላይ ግን ከቀዳዳዎቹ ተነሥቶ ይሰነጠቃል። ዝቅተኛው ውፍረት ዲስኩ ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያንሰው። ቶርኖ ቤት የሚያስላጭ ሰው ሙቀት የሚይዘውን ብረት እያስላጨ መሆኑን አይርሳ፤ ለከተማ ቢያስኬድም ለሜዳ አዲስ ይገዛ። ከመግጠም በፊት ዲስኩ የሚያርፍበትን ፊት ከዝገት በሽቦ ብሩሽ አጽዱ።

ካሊፐሩ የሚጠቅመው ዘይቱም ሸራውም ተስተካክሎ ሙቀቱ አሁንም ሲያሸንፋችሁ ነው። የፊቱ ብቻ በጣም ሲበረታ የኋላው ሥራ ፈቶ የማቆሚያው ርቀት ሊረዝም ይችላል። የፒስተኖቹ ጠቅላላ ስፋት ከነባሩ ብዙ ከበለጠ ደግሞ የፔዳሉ ጉዞ ይረዝማል። 330 ሚሊሜትር ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ባለ 17 ቸርኬ ይፈልጋል፤ የካሊፐሩን ቅርጽ ካርቶን ላይ ቆርጣችሁ ቸርኬው ውስጥ ለኩ። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ ያገለገለ ዕቃ መግዛት አይቀርም፤ ስትገዙ ፒስተኑ እንዳልዛገ፣ የፒስተኑ ላስቲክ እንዳልተቃጠለ፣ ዘይቱ ውስጥ የገባ አየር የሚወጣበት ቡሎን እንደሚዞር አረጋግጡ። ቸርቻሪዎች «ካሊፐር» እያሉ የሚሸጡት ቀይ የፕላስቲክ ሽፋን ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ሙቀት ያፍናል።

የግራና የቀኙ ተቀያይሮ ሲገጠም የአየር ማስወጫው ወደ ታች ይሆናል፤ አየሩ ላይ ስለሚቀር ሙሉ ቀን ቢሠራ ፔዳሉ አይጠነክርም። ማስወጫው ላይ ይሁን። አየር ሲወጣ መኪናው ሌላ ቅደም ተከተል ካላዘዘ ከፍሬን ፓምፑ ከሚርቀው ጎማ ይጀመር፤ የዘይት ጋኑ በመሀል አይጉደል።

ከሜዳ ስትወጡ አንድ ዙር በዝግታ ነድታችሁ አቀዝቅዙ። የእጅ ፍሬን ሳትስቡ ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ዲስኩ ሲበርድ ጎማዎቹን አውልቃችሁ የሸራውን ሁለት ጫፍ ለኩ፤ አንዱ ጫፍ ቀድሞ ካለቀ ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ተጣብቋል፤ አጽድታችሁ በሲሊኮን ግሪስ ቀቡት። ፔዳሉ በትንሹም ቢሆን ለስልሶ ከነበረ ወደ ከተማ ከመግባታችሁ በፊት አየር አስወጡ።