ሊብኤስኤስኤል 1.1ን ያጣውን ፕሮግራም እንዴት እንዳስተካከልሁት

ሰርቨሬን ኡቡንቱ ከተባለው የሊኑክስ ሲስተም ስሪት 20.04 ወደ 22.04 ካሳደግሁ በኋላ፣ ከዓመታት በፊት በሲ ቋንቋ የጻፍሁት ፕሮግራም «ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.1.1 የሚባለውን ፋይል መክፈት አልተቻለም» የሚል መልእክት እያሳየ መነሣት እምቢ አለኝ። ሊብኤስኤስኤል ግንኙነትን የሚያመሰጥረው የኦፕንኤስኤስኤል ሶፍትዌር ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ ነው። አንድ ፕሮግራም የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች በሚዘረዝረው በኤልዲዲ ትእዛዝ ስመረምረው ሌላው የኦፕንኤስኤስኤል ላይብረሪ ሊብክሪፕቶም እንደዚሁ ጠፍቶ አገኘሁት፤ 22.04 ይዞት የሚመጣው ኦፕንኤስኤስኤል 3ን ስለሆነ የላይብረሪዎቹ ስም የሚያበቃው በ.ኤስኦ.3 ነው።

በመጀመሪያ በአሮጌው ስም ወደ አዲሱ ፋይል የሚያመለክት ሲምሊንክ ፈጠርሁ፤ ይህ ስሕተት ነበር። ፕሮግራሙ ፋይሉን ቢያገኘውም «ኦፕንኤስኤስኤል_1_1_0 የሚባለው ስሪት አልተገኘም» ብሎ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ምንጭ ኮዱን ኮምፓይል ስናደርግ (ወደሚሠራ ፕሮግራም ስንለውጥ) ፕሮግራሙን ከላይብረሪው ጋር የሚያያይዘው ሊንከር የሚፈልገው ቁጥር የሌለውን ስም፣ ማለትም ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦን ቢሆንም፣ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚመዘግበው ግን ላይብረሪው በውስጡ የያዘውን ሶኔም (እንደ ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.1.1 ያለ ባለቁጥር ስም) ነው፤ የሶኔሙም ቁጥር የሚለወጠው ቀድሞ የተሠሩ ፕሮግራሞች ከአዲሱ ላይብረሪ ጋር ሊስማሙ የማይችሉበት ለውጥ ሲደረግ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን በሲምሊንክ መሸፈን አለመጣጣሙን አያስወግደውም። እንዲያውም የሲምቦል ስሪት (እንደ ኦፕንኤስኤስኤል_1_1_0 ያለ፣ በፈንክሽኖች ስም ላይ የሚለጠፍ የስሪት ምልክት) የማይጠቀም ላይብረሪ ቢሆን ኖሮ፣ ፕሮግራሙ ተነሥቶ በሥራ መካከል ውሂብ ሊያበላሽ ይችል ነበር።

ሲምሊንኩን አጠፋሁ፤ ለኮምፓይል የሚያስፈልጉትን ፋይሎች የያዘውን ሊብኤስኤስኤል-ዴቭ የተባለውን ጥቅል ጭኜም ምንጭ ኮዱን እንደገና ኮምፓይል አደረግሁ። ስለ አሮጌ ፈንክሽኖች ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች ከመታየታቸው በቀር ችግር አልገጠመኝም፤ የፕሮግራም ፋይልን ዝርዝር በሚያሳየው በሪድኤልፍ ትእዛዝ ሳየውም የሚፈለገው ላይብረሪ .ኤስኦ.3 ሆኗል። ምንጭ ኮዱ በእጁ የሌለ ሰው ኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1ን በተለየ ማውጫ ጭኖ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ ሊያሳየው ይችላል፤ ሆኖም የዚህ ስሪት ነፃ የደኅንነት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 አብቅቷል።