የበጋ ቲማቲም በአዳማ፦ ችግርና መፍትሄ

ከኅዳር እስከ ጥር በአዳማ ዙሪያ ቲማቲም ላይ የሚታየው ችግር ብዙውን ጊዜ በሽታ አይደለም። ቀኑ ሞቃት ስለሆነ የሌሊቱ ብርድ ይዘነጋል፤ የአካባቢው ቀላል አፈር ደግሞ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል። ስለዚህ መድኃኒት ከመግዛት በፊት የንጋቱ ሙቀትና የአፈሩ እርጥበት ይታዩ። ቴርሞሜትር በአበባው ከፍታ አንጠልጥላችሁ ፀሐይ ሳትወጣ አንብቡት። ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቃችሁም 10 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩና አፈሩን በእጃችሁ ጨብጡት።

አበባው ይረግፋል፣ ፍሬ አይዝም

አበባው ከአንገቱ ቢጫ ሆኖ ከረገፈና ንጋት ላይ ሙቀቱ ለተከታታይ ቀናት ከ13 ዲግሪ በታች ከሆነ፣ መንስኤው ብርዱ ነው፤ ዘር ብናኙ በደንብ አይበስልም፣ አይራገፍምም። ሌሊቱ ሞቅ ያለ ከሆነ ግን ተክሉን እዩት። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴና ወፍራም፣ ግንዱም ደልዳላ ከሆነ ዩሪያ በዝቶበታል፤ ፍሬ እስኪይዝ ዩሪያ አቁሙ። ሦስተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። የአዳማ ነፋስ ተርባይን የሚያሽከረክር ነፋስ ነውና አበባውን ያደርቀዋል። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ሁለት መስመር በቆሎ ቲማቲሙ ከመተከሉ አንድ ወር ቀደም ብሎ ቢዘራ ይከላከላል።

ለብርዱ፦ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጤዛው ሲደርቅ፣ ድጋፉን ወይም የታሰረበትን ገመድ በዘንግ መታ መታ አድርጉ፤ ያለው ዘር ብናኝ ይራገፋል። በየሁለት ቀኑ ቢደረግ ጥሩ ነው። ውሃ በጠዋት እንጂ በምሽት አታጠጡ። ዘላቂው መፍትሄ ግን ጊዜውን መምረጥ ነው። ችግኝ መደብ ላይ ከ4 እስከ 5 ሳምንት ይቆያል፤ ከተተከለ በኋላም ለማበብ ያንኑ ያህል ይፈጅበታል። መስከረም መጀመሪያ ላይ የተተከለ ብርዱ ሳይበረታ ያብባል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የተተከለው ደግሞ ዋናውን ብርድ ሳያብብ ያልፋል። በመሃል የተተከለው ነው የሚጎዳው።

የፍሬው ታችኛው ጫፍ ጠቁሮ ይሰረጉዳል

በሽታ ስላልሆነ የፈንገስ መድኃኒት አይፈውሰውም። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው ከውሃ ጋር ነው፤ አፈሩ አንዴ ደርቆ አንዴ ሲጥለቀለቅ ይቋረጣል። በየሳምንቱ አንዴ አብዝቶ ከማጠጣት በየ3 ቀኑ መጠነኛ ውሃ መስጠት ይሻላል። ከግንዱ ሥር 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጭድ አንጥፉ። ዩሪያን በአንዴ አትጨምሩ፤ ከፋፍላችሁ ስጡ። የጉድጓድ ውሃችሁ ጨዋማ ከሆነ ችግሩን ያባብሰዋል። የጠቆረው ፍሬ አይድንም፤ ቶሎ ልቀሙት።

ቅጠሉ ላይ ግልጽ ወረቀት የመሰለ ሰፊ ነጠብጣብ

ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሱት። በሁለቱ ገጽ መካከል ትንሽ አባጨጓሬና ጥቁር ኩስ ከታየ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ትንሽ የእሳት እራት ነው። ቀጭን ጠመዝማዛ ነጭ መስመር ብቻ ከሆነ ግን የቅጠል ሰርሳሪ ዝንብ ሥራ ነው፤ ጉዳቱም ያነሰ ነው። ሁለቱን ማምታታት ገንዘብ ያስከፍላል።

ቱታ ኢትዮጵያ ውስጥ የተገኘው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። እንስቷ እስከ 260 እንቁላል ትጥላለች፤ በሞቃት ወቅት አንድ ትውልድ በወር ገደማ ይጠናቀቃል። አባጨጓሬው ቅጠል ውስጥ ስለሚደበቅ ከላይ የሚረጭ ብዙ መድኃኒት አያገኘውም፤ አንድ ዓይነት ደጋግሞ መርጨትም ያላምደዋል። ስለዚህ፦

- የተጠቃውን ቅጠልና ፍሬ ልቀሙና በላስቲክ አስራችሁ ፀሐይ ላይ አቆዩ፤ ማሳው ዳር አትጣሉት።
- ወንዶቹን የእሳት እራቶች በመዓዛ የሚስብ ማጥመጃ ሳሙና ከተጨመረበት ውሃ በላይ አንጠልጥሉ፤ መዓዛ ሰጪውን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ቀይሩ።
- ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ (አባጨጓሬን የሚገድል ባክቴሪያ) ያለበትን መድኃኒት ፀሐይ ስትጠልቅ እርጩ፤ የቀን ብርሃን ያዳክመዋል።
- ሌላ መድኃኒት ከተጠቀማችሁ በአሠራራቸው የተለያዩትን አፈራርቁ፤ ከመልቀም በፊት የሚጠበቀውን ቀን ከመለያው አንብቡ።
- ድንችና አውጥ ቱታን ያራባሉ፤ አውጥን ንቀሉ፣ ከድንች ቀጥሎም ቲማቲም አትትከሉ።

ሌሎች

የችግኝ ቅጠል የታችኛው ገጽ ወይን ጠጅ ቀለም ሲይዝ፣ ብርዱ ሥሩ ፎስፈረስ እንዳይስብ አድርጎት ነው፤ ማዳበሪያ ሳትጨምሩ ከፍ ባለ መደብ ላይ አሳድጉት፣ ሲሞቅ ይለወጣል። ቅጠሉ ወደ ላይ ተጠቅልሎ፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኖ፣ ተክሉ ከቀጨጨ ነጭ ዝንብ ያመጣው ቫይረስ ነው፤ መድኃኒት የለውም፣ ንቀሉ። ቀጣዩን ችግኝ መደቡ ላይ እያለ በደቃቅ መረብ ሸፍኑ።

ፍሬው መቅላት ከዘገየ ብርዱ ነውና ታችኛው ጫፉ ሮዝ ሲነካው ልቀሙት፤ 20 ዲግሪ ገደማ ባለው ጥላ ቤት ውስጥ በሳጥን አንድ ተራ ደርድሩት። ፍሪጅ ውስጥ የገባ ያልበሰለ ፍሬ ግን ወጥ ሆኖ አይቀላም፣ ጣዕሙም ይጠፋል።