አይብ እንዴት ይወጣል? ከወተቱ ፕሮቲን እንጀምር

ትኩስ ወተት ቢንተከተክም አይቋጠርም። አሬራ ግን ሞቅ ሲል ብቻ ተቋጥሮ አይብ ይሆናል። ልዩነቱ ያለው ከእሳቱ ሳይሆን ከኮምጣጣነቱ ነው።

ፕሮቲን ማለት 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች እንደ ጨሌ ተሰክተው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። አብዛኛው ፕሮቲን ተጠምጥሞና ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል፤ ሥራውንም የሚሠራው በዚያ ቅርጽ ነው። ሙቀት ቅርጹን ሲፈታው ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። የእንቁላል ነጩ የሚጠነክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው ኬዚን ግን ከመነሻውም እምብዛም ስላልተጣጠፈ ሙቀት የሚፈታበት ብዙ ነገር የለም። ሥራው ለጥጃው ካልሲየምና ፎስፌት ሳይዘቅጡ መሸከም ነው፤ ስለዚህ በሺዎች ተሰባስቦ ጥቃቅን እንክብል ይሠራል። የእንክብሎቹ ገጽ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላለው ይገፋፋሉ፣ ወተቱም ሳይቋጠር ይቆያል። ባክቴሪያ የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ሲቀይር ፒኤች (ኮምጣጣነት ሲጨምር ዝቅ የሚለው መለኪያ) ከ6.7 ወደ 4.6 ይወርዳል። ያኔ ቻርጁ ይጠፋል፣ መገፋፋቱ ያበቃል፣ ኬዚን ይያያዛል።

ወደ ሥራው እንግባ። ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳና የብሩሴላ ጀርም ሊይዝ ስለሚችል፣ አይብ የሚወጣበት ሙቀት ደግሞ ስለማይገድላቸው፣ ወተቱን አስቀድመው በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያቆዩት። ይህ የሚያረጉትንም ባክቴሪያዎች ይቀንሳል፤ ስለዚህ ወደ 30 ዲግሪ ሲበርድ ለ1 ሊትር 1 የሾርባ ማንኪያ ጥሩ እርጎ ጨምረው ከድነው ያስቀምጡ። በ1 ወይም በ2 ቀን ይረጋል። ይግፉትና ቅቤውን ያውጡ። ቅቤ ስብ ስለሆነ ፕሮቲኑ ከሞላ ጎደል ሁሉ አሬራው ውስጥ ቀርቷል።

አሬራውን በዝግታ እሳት ወደ 50 ዲግሪ፣ ማለትም ጣት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ እስከሚችለው ድረስ፣ ያሙቁት። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በዚያው ያቆዩት። ሙቀቱ የተያያዘውን ኬዚን አጥብቆ አጓቱን ያስወጣዋል። እዚህ ላይ ማማሰል ትልቁ ስህተት ነው፤ የተቋጠረው ይደቅና ከአጓቱ ጋር በጨርቁ ያልፋል። በድስቱ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ይጠብቁ፣ ከዚያ በንጹሕ ሻሽ ያጥልሉት። ከ8 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ገደማ አይብ ይገኛል።

አጓቱ ወተት መስሎ ከነጣ አሬራው በደንብ አልኮመጠጠም፤ እሳት መጨመር አያድነውም። ጥቂት የሎሚ ጭማቂ በማንኪያ እያንጠባጠቡ ያስገቡና አጓቱ ጠርቶ ወደ አረንጓዴ ቢጫ ሲያደላ ያቁሙ። ከ80 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ አይቡ የተቀቀለ ወተት ይሸታል።

የወጣውን አጓት አይድፉት። ሌሎቹ የወተት ፕሮቲኖች፣ እንደ እንቁላል ነጭ የተጣጠፉት፣ እዚያ አሉ። ለብቻው ቢያፈሉት ነጭ ብናኝ ሆነው ይወጣሉ። መጀመሪያ ወተቱን አፍልተውት ከነበረ ግን ብናኙ ትንሽ ነው፤ ያኔውኑ ተፈትተው ከኬዚኑ ጋር ተጣብቀዋልና፣ አይቡም በዚያው ልክ ለስላሳና ውሃ ያዥ ይሆናል።