ፍላሹ ላይ ሾርትከት ብቻ ሲቀር ፋይሉን ያገኘሁበት መንገድ

የመመረቂያ ጽሑፋችንን ለማሳተም ግቢው በር ላይ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሼን ሰክቼ ተመለስኩ። ማታ ዶርም ውስጥ ስከፍተው ፋይሎቹ የሉም፤ የፍላሹን ስም የያዘ አንድ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ ምልክት) ብቻ ቀርቷል። ማስረከቢያው አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

መጀመሪያ አንቲቫይረስ አስነሳሁ። ሾርትከቱን አጠፋው፣ ፍላሹ ግን ጭራሽ ባዶ ሆነ። ሪከቨሪ ፕሮግራም ስሞክር ድሮ ያጠፋኋቸውን ፎቶዎች ብቻ አመጣ። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። «ፎርማት አድርገው»፣ ማለትም ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፋው ያሉኝም ነበሩ፤ እንኳን አልሰማኋቸው።

ነገሩ የገባኝ ፍላሹን ራይት ክሊክ አድርጌ ፕሮፐርቲስ ስከፍት ነው። ባዶ የመሰለው ፍላሽ 3 ጊጋባይት ተይዞበታል ይላል። ፋይሉ አለ ማለት ነው፣ ተደብቋል እንጂ።

የሠራልኝ ይኸው፦ ዊንዶውስ 10 ላይ ፋይል ኤክስፕሎረር ከፍታችሁ ቪው፣ ከዚያ ኦፕሽንስ ግቡ፤ በሚመጣው ሳጥን ላይም ቪው የሚለውን ትር ንኩ። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምረጡ። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ግማሽ ቀን ያስለፋኝ እሱ ነው። ዝቅ ብሎ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ላይ ያለውን ምልክት አንሱ፣ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ «የስ» በሉ። ስም የሌለው ደብዘዝ ያለ ፎልደር ብቅ ይላል። 64ቱም ገጽ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

የራሳችሁን ሰነዶች ብቻ ኮፒ አድርጉ፣ የማታውቁትን ተዉት፣ ፎርማት የሚደረገው ከዚያ በኋላ ነው። ሾርትከቱን ግን እባካችሁ አትክፈቱት፤ ቫይረሱ ወደ ላፕቶፑ የሚገባው በሱ በኩል ነው። እኔ አሁን ለኅትመት የምልከው ፒዲኤፍ አድርጌ በቴሌግራም ነው።