የአምፕሊፋየሬ «እምምም» የጠፋው ቲዩብ በመቀየር አልነበረም

የሄድፎን አምፕሊፋየሬ ሙዚቃ ሳልከፍትበትም በሁለቱም ጆሮ «እምምም» ይል ነበር። ወፈር ያለ፣ የመብራቱ የ50 ኸርዝ ድምፅ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቲዩቦቹን ነው፤ ድምፁን የሚያጎሉትን አምፖል መሳይ የመስታወት ቱቦዎች። ሞዴላቸው 6ዲጄ8 ነው። አጥፍቼ፣ ሩብ ሰዓት ያህል አቀዝቅዤ፣ ቀጥ አድርጌ ነቀልኳቸውና በ6922 ተካኋቸው። (እነዚህ ይተካካሉ። 6ኤን3ን ግን እሱም ባለ 9 እግር ነው ብላችሁ እዚያ እንዳትሰኩ፤ የእግሮቹ አደራደር ሌላ ነው።) ንቅንቅ አላለም። የግራውን ከቀኙ አቀያየርኩ። ያው ነው። የቲዩብ መሰኪያውን በኮንታክት ክሊነር ጠረግኩ። ምንም። ሁለት ቀን እንዲህ አለቀ።

ከዚያ ገና ስጀምር ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ። ከዳኩ (የኮምፒውተሩን ዲጂታል ድምፅ ወደ አናሎግ ከሚቀይረው መሣሪያ) ወደ አምፕሊፋየሩ የሚመጣውን የአርሲኤ የድምፅ ገመድ ነቀልኩ። ጸጥ! ለካ ችግሩ ከውጭ ነው የሚገባው። ኮምፒውተሩና አምፕሊፋየሩ በተለያየ የግድግዳ ሶኬት ላይ ነበሩ። ሁለቱም ግራውንድ (ከመሬት ጋር የሚያገናኝ የደህንነት መስመር) አላቸው፤ በዩኤስቢና በአርሲኤ ገመዱ በኩል ደግሞ እንደገና ይገናኛሉ። ቀለበት ተሠራ ማለት ነው፤ በዚያ ቀለበት የሚዞረው የመብራት ኤሌክትሪክ ነው «እምምም» የሚለው።

አንድ ወዳጄ «የሶኬት መሰኪያውን የግራውንድ እግር ቁረጣት» አለኝ። እንዳታደርጉት! ቲዩብ አምፕሊፋየር ውስጥ የሚገድል ቮልቴጅ አለ፤ ብልሽት ቢፈጠር የሚጠብቃችሁ ያ ግራውንድ ነው።

ሁለቱንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካኋቸው። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የገላገለኝ ዩኤስቢውን ትቼ ኮምፒውተሩን ከዳኩ ጋር በኦፕቲካል ገመድ ማገናኘቴ ነው። ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያልፍበትም፤ ቀለበቱ ተቆረጠ።

የድሮዎቹን 6ዲጄ8 መልሻቸዋለሁ። ምንም አልሆኑም ነበር።