የዓለምን የሥነ ጥበብ ታሪክ ከጣና ዳር ሆኖ ማጥናት

ኤፒ በሚባለው ከፍ ያለ የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ጥበብ ታሪክ ትምህርትና ፈተና ተማሪው 250 ሥራዎችን እንዲያውቅ ይጠበቅበታል፤ ስምና ዘመን መሸምደድ ብቻውን ግን አያዋጣም። አስቀድሞ የሚሠለጥነው ዓይን ነው።

ባሕር ዳር የምትኖሩ ከሆነ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገሩና በኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳ ላይ ካሉት ሥዕሎች አንዱን ብቻ መርጣችሁ፣ ምንም ሳታነቡ በእርጋታ ተመልከቱ፤ ፎቶ ከማንሳት ይልቅ በእርሳስ መንደፍ ይሻላል፣ እጅ ዓይን የዘለለውን ይይዛልና። ቅዱሳኑ ፊታቸው ሙሉ፣ ሁለት ዓይናቸው የሚታይ ሲሆን ክፉዎቹ በአብዛኛው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን ከያዛችሁ በኋላ ከ5,000 ዓመት በፊት ገደማ የተቀረጸውን የግብፁን ንጉሥ የናርመርን የድንጋይ ሰሌዳ ተመልከቱ፦ እዚያ ንጉሡ ራሱ ፊቱ በጎን፣ ዓይኑና ትከሻው ግን ከፊት ለፊት ነው። አንድ ዓይነት አሣሣል በሁለት አገር ሁለት ትርጉም እንዳለው በጽሑፍ ማስረዳት የቻለ ተማሪ የትምህርቱን ፍሬ ነገር አግኝቷል ባይ ነኝ።

ሌላው ጥሩ ልምምድ በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ከእኛዎቹ ጋር ማነጻጸር ነው። ቅጂዋ ኢየሱሳውያን በሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን በኩል አገራችን ከገባ በኋላ ሠዓሊዎቻችን የተጣመሩትን እጆችና መሐረቡን ጠብቀው የራሳቸው አድርገዋታል።

ማን እንዳሠራውም ጠይቁ፤ በጣናው ደሴት ቤተ ክርስቲያን በናርጋ ሥላሴ አሠሪዋ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ዘመን ስትመዘግቡ የእኛን አቆጣጠር ፈተናው ወደሚጠቀምበት የፈረንጆች አቆጣጠር መቀየርን አትርሱ፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ነው።