የፍቅር ልብ ወለድ ስትገመግሙ እንቅፋቱን መዝኑ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለችኝ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጥግ መጻሕፍት አከራያለሁ። በየፍቅር ልብ ወለዱ የውስጥ ሽፋን ላይ የአንድ ገጽ ግምገማ እለጥፋለሁ። ተከራዩ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ያነበዋል፣ መጽሐፉን ሲመልስ ደግሞ ይሟገተኛል። እንዲህ ያለ ግምገማ መጻፍ ለምትፈልጉ የአሠራሬን ልንገራችሁ።

«መጨረሻው ከጅምሩ ይታወቃል» የሚለውን ወቀሳ ተዉት። ደንበኞቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ይጋባሉ?» ብለው ነው፤ ይህን መናገር ምንም ነውር የለውም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» እንኳ ወዴት እንደሚሄድ ርዕሱ ይናገራል፤ ያንን አውቆ ያልተነበበበት ቤት ግን ጥቂት ነው። የምትደብቁት እንዴት እንደሚደርሱበት ነው።

አሜሪካዊቷ ምሁር ፓሜላ ሬጂስ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት የፍቅር ልብ ወለድን በስምንት ነገሮች ትፈታዋለች፦ ጥንዶቹ የሚኖሩበት ማኅበረሰብ፣ መገናኘት፣ እንቅፋት፣ መሳሳብ፣ ፍቅርን መግለጥ፣ ተስፋ የሞተ የሚመስልበት ቅጽበት፣ መገንዘብ እና መተጫጨት። እኔ የምቆየው እንቅፋቱ፣ ማለትም ጥንዶቹ እንዳይጣመሩ የሚያግዳቸው ነገር ላይ ነው። እርሳስ ይዤ እንቅፋቱ የታየበትንና የተወገደበትን ገጽ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት እጽፋለሁ። ከዚያ አንድ ጥያቄ አነሳለሁ፦ አንዱ ለሌላው ስልክ ቢደውል ታሪኩ ያልቅ ነበር? ያልቅ ከነበረ ደራሲው ሁለት መቶ ገጽ ያህል ያቆየን በስልክ ዝምታ ነው፤ ይህንንም ሳላለሳልስ እጽፋለሁ።

ተደጋግመው የሚመጡትን የታሪክ መስመሮች በስማቸው ጥሩ፤ አንባቢ የሚወደውን የሚመርጠው በእነሱ ነው። ተደጋገሙ ብላችሁ ግን አትፍረዱ፤ እኛ አገር ውስጥ ምን እንደሚሆኑ መርምሩ። የውሸት እጮኝነትን ውሰዱ። በውጭው ልብ ወለድ ሁለት ሰዎች ለአንድ ግብዣ ይስማሙና ያበቃል። እዚህ ግን ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ውሸቱ የሁለቱ ብቻ አይደለም፤ አባት ቃል ሰጥቷል፣ ጎረቤት መርቋል። ሽማግሌዎቹን በአንድ አንቀጽ የሚያሰናብት ደራሲ ምርጡን ግጭት ጥሎታል።

የሃይማኖት ልዩነትም እንደዚሁ ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመዳማቾች በአንድ ቤት በሚኖሩበት ወሎ «አባቷ አይፈቅድም» ብሎ ማለፍ አይበቃም። አባትየው የፈራው ምንድን ነው? ልጆቹ በየትኛው ሥርዓት ያድጋሉ? ይህ ጭንቀት ገጹ ላይ ካልታየ እንቅፋቱ ተለጣፊ ነው።

ሀብታም አለቃና ድሃ ሠራተኛ የሚዋደዱበትን ጠንከር ብላችሁ ያዙት። ታሪኩ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ነው እንበል፤ ፈረቃዋንና ደመወዟን የሚወስነው እሱ ነው። «እምቢ» ብትለው ምን ይደርስባታል? ደራሲው ይህን ካልጠየቀ እናንተ ጠይቁ። ጥንዶቹ አንድ አልጋ ብቻ በቀረበት ሆቴል ለማደር የሚገደዱበት ታሪክ ላይ ብዙ አልደክምም፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ሐረጎ ላይ ጉም መንገድ ዘግቶ ከሆነ አምናለሁ፣ ካልሆነ ሌላ ሆቴል ይፈልጉ።

መቼቱንም ፈትሹ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከፍታው በ600 ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ ደሴ ላይ የተለበሰው ጃኬት እዚያ ሲደረስ ይወልቃል። በግንቦት እኩለ ቀን ኮምቦልቻ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ፍቅሩን የሚገልጽ ወጣት ካጋጠማችሁ ደራሲው በዚያ መንገድ ሚኒባስ አልተሳፈረም።

ለመጻፍ ስትቀመጡ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጥንዶቹንና እንቅፋቱን ንገሩን። ቀጥሎ ከምልልሳቸው አንድ አጭር ቦታ ጥቀሱ፤ ስሙን ብትሸፍኑት ማን እንደተናገረ ካልታወቀ ገጸ ባሕርያቱ አልተለዩም። ታሪኩን እየተረካችሁ ገጹን አትጨርሱት፤ ከጡዘቱ በፊት አቁሙ። የመኝታ ቤት ትዕይንት በዝርዝር ካለ በግልጽ ጻፉ፤ ለአሥራ አራት ዓመት ልጇ የምትከራይ እናት ቤቷ ገብታ መደንገጥ የለባትም። ኮከብ እኔ አልሰጥም። ከደንበኞቼ አንዷ ሦስት ኮከብ የሰጠሁትን ሁሉ ሳታነብ ትመልስ ስለነበር፣ አሁን በዚያ ቦታ «ይህን የሚወድ» ብዬ ምን ዓይነት አንባቢ እንደሚስማማው እጽፋለሁ።